ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ቢጫ

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የእማን ቤት ቀለም ልናድስ ተነሳን። ቤቱ ደሴ ነው፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። ሳሎኑን ለመቀባት ቁም ሳጥኑን ከወንድሜ ጋር ጎትተን ስናወጣው ከጀርባው ያለው ዞኮሎ ታየ። ዞኮሎ የምለው ግድግዳው ወለሉን በሚነካበት ቦታ ዙሪያውን የሚሄደውን ጠባብ ጣውላ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ነጭ ነው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግን የቆየ ቅቤ መስሏል። ቀለሙ ደግሞ አንድ ነው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጣሳ፣ በአንድ ብሩሽ የተቀባ። ቁም ሳጥኑ ቆሞበት የነበረው ቦታ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነጩ የሚያልቅበትና ቢጫው የሚጀምርበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እማ "ጭሱ ነው" አለች። ቡናው፣ ዕጣኑ፣ ከሰሉ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ በሳሙና አሸሁት። ንቅንቅ አላለም። ጭስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚብሰው ጀበናው የሚጣድበት ጥግ ላይ ነበር እንጂ ቁም ሳጥን ጀርባ አይደለም። እዚያ ምን ጭስ ይገባል?

ነገሩ ቀለሙ የዘይት ስለነበረ ነው። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን ሲያጣ ቢጫ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ እየቆየ ይበጫል፣ ብርሃን ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ነጣ ይላል። ቁም ሳጥኑን ሌላ ቦታ ካዞርነው በኋላ ያ ቢጫ ቦታ እስክንቀባው ድረስ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንኳን ትንሽ ቀለል ብሎ ነበር። ስለዚህ በር፣ መቃን፣ ዞኮሎና የመስኮት ጠርዝ ልትቀቡ ያሰባችሁ፣ በተለይ ነጭ ልትቀቡ ያሰባችሁ፣ የዘይት ይሁን የውሃ የሚለውን ጥያቄ ባለሱቁ እጅ ላይ አትተዉት። እኔ ትቼው ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የውሃ ቀለም ስል ለግድግዳ የሚሆነውን ፕላስቲክ ቀለም ማለቴ አይደለም። እሱን በር ላይ ብትቀቡት በሁለት ወር ውስጥ የእጅ አሻራ ይሞላዋል፣ ሲታጠብ ደግሞ ይላቀቃል። የምለው ለእንጨትና ለብረት ተብሎ የተሠራውን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ግን በቲነር ሳይሆን በውሃ የሚቀጥነውን ነው። ጣሳው ላይ ማቅጠኛው ምን እንደሆነ ተጽፏል። እሱን አንብቡ። ቲነር ካለ የዘይት ነው፣ ውሃ ካለ የውሃ ነው።

የዘይቱን ባሕርይ ለመረዳት ደግሞ ኬሚስትሪ አያስፈልግም፣ የእናቶቻችሁን ድስት ማየት ይበቃል። የኑግ ዘይት የፈሰሰበት የድስት ጠርዝ ካልታጠበ ቆይቶ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ ከዚያ በቢላ ካልሆነ አይለቅም። ተልባም እንደዚሁ ነው። ድሮ የዘይት ቀለም የሚሠራው በተልባ ዘይት ነበር፣ የዛሬው አልኪድ የሚባለውም ከእንደዚህ ዓይነት ዘይቶች ነው የሚነሳው። ቲነሩ ተንኖ ካለቀ በኋላ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ለዚህ ነው ቀስ የሚለው፣ ለዚህ ነው ሲጨርስ እንደ ድንጋይ የሚሆነው፣ ለዚህም ነው ከዓመታት በኋላ የሚበጫው። የውሃው ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያሉት ደቃቅ የአክሪሊክ ቅንጣቶች ውሃው ሲተን እየተጠጋጉ ይያያዛሉ። ከዚያ በኋላ ከአየር ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም፣ ስለዚህ ነጩ ነጭ ሆኖ ይቆያል።

ይህን ያወቅሁት ግን ቤት አበላሽቼ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለአረፋ እንግዳ ይመጣል ብለን በችኮላ የሳሎኑን በር ቀባሁት። በሩ ድሮ የዘይት ቀለም የተቀባ ነበር፣ ያብረቀርቃል፣ ለስላሳ ነው። እኔ ሽታው ለእማ አይሆናትም ብዬ የውሃውን ገዛሁና በጨርቅ ጠርጌ ብቻ ከላይ ለበጥኩበት። በማግስቱ ሲታይ ልብ ይማርካል። ጎረቤት ሁሉ "ማሻአላህ" አለ። ሳምንት ሳይሞላ የእህቴ ልጅ እጀታው አጠገብ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ቀለሙ ተነሳላት። ሳብ ስታደርገው መዳፍ የሚያህል ልጥ ሆኖ መጣ፣ ልክ የተቀቀለ ድንች ልጣጭ። ከሥሩ የድሮው ቀለም እንደ ድሮው እያብረቀረቀ ነው፣ አንዲት ጭረት የለችበትም። አዲሱ ቀለም የሚይዘው ነገር አላገኘም ማለት ነው። ያንን በር አንድ ቀን ሙሉ ስልጥ ዋልኩ። እንግዶቹ የገቡት በዝንጉርጉር በር ነው፣ በጣም ነበር ያዘንኩት።

ስለዚህ ምርጫው ከሱቅ አይጀምርም፣ ከበራችሁ ይጀምራል። በፊት የተቀባው ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ከኮቪድ ወዲህ በየቤቱ የቀረ አልኮል አለ፣ እሱን ጥጥ ላይ አድርጋችሁ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከማጠፊያው አጠገብ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ እሹት። ቀለሙ ከለሰለሰና ጥጡ ላይ ከወጣ የውሃ ነው። ምንም ካልሆነ የዘይት ነው። የዘይት ከሆነ ደግሞ የውሃ ቀለም መቀባት አይቻልም ማለት አይደለም። ይቻላል። ግን በዱቄት ሳሙና በደንብ ይታጠባል፣ በተለይ እጀታው አካባቢ፣ ምክንያቱም ቅቤ የነካ እጅ ስንት ዓመት ሲዳስሰው ኖሯል። ሲደርቅ ብርቅርቅታው እስኪጠፋና እስኪደበዝዝ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። በ120 ቁጥር ወረቀት ጀምሮ በ220 ቁጥር፣ በደቃቁ፣ መጨረስ ለእኔ ሠርቶልኛል። ከዚያ የሚይዝ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ፣ ከዚያ ቀለሙ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ በድሮው የዘይት ቀለም ላይ ዘይት መልሳችሁ ቀቡ። እሱም ቢሆን ቀለል ያለ ፍተጋ ይፈልጋል፣ ግን እንደ ውሃው አይቀጣም።

ስለ ፍተጋው አንድ ነገር በጥብቅ ልበል። ቤቱ የቆየ ከሆነ የድሮው ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አገራችን ውስጥ ቀለም ላይ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚል ደንብ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን በር ላይ እንዳለ ነው። ሊድ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ አትፈትጉ። ውሃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት ግዙ፣ እያረጠባችሁ ፈትጉ፣ ዝቃጩን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ፣ ልጆቹን ደግሞ ያን ቀን አያታቸው ጋ ላኩ። እኛ የአያትየዋ ቤት ስለነበር ወደ እህቴ ቤት ላክናቸው።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ የተጻፈ ምክር ሁሉ ደሴ ላይ አይሠራም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዛችሁ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከ1,900 ሜትር በታች ናችሁ፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዛችሁ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ለቀለም ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የውሃ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ቅንጣቶቹ በደንብ አይያያዙም። የደረቀ ይመስላል፣ ግን ደካማ ሆኖ ይቀራል። ደሴ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ያለውን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እኛ የቀባነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ፀሐይ ቤቱን ካሞቀችው በኋላ ጀምረን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብሩሽ አስቀምጠን ነው። ማታ ብርዱ ሲወርድ ቀለሙ ቢያንስ ከዋናው እርጥበት ወጥቷል። ኮምቦልቻ ያለችው የአክስቴ ልጅ ችግር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ስትቀባ ብሩሹን ሳትመልስ ይደርቅባታል፣ መስመር መስመር ሆኖ ይቀራል። ለእሷ የነገርኳት በጠዋት ቅቢ፣ በሩን ከፋፍለሽ አንዱን ክፍል ጨርሰሽ ወደ ቀጣዩ እለፊ፣ ተመልሰሽ አትነካኪው ነው።

ችግሩ ቀለም የምናስበው መቼ ነው? ለእንቁጣጣሽ። ነሐሴ ላይ፣ ደሴ ጉም ለብሳ፣ ልብስ እንኳን ሦስት ቀን ገመድ ላይ ሳይደርቅ በሚቆይበት ጊዜ። ያኔ ሁለቱም ቀለም ያስቸግራል። ዓመት በዓል ነጭ በር ይዞ መቀበል ደስ እንደሚል አውቃለሁ፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን ግድግዳውን ለበዓል ቀቡና በርና ዞኮሎውን ለጥቅምት አቆዩት። ጥቅምት ላይ ደግሞ ከጀመራችሁ ኅዳር 12 ቀን እርጥብ በር ይዛችሁ እንዳትገኙ። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ይጨሳል፣ አመዱ በመስኮት ገብቶ እርጥብ ቀለም ላይ ይቀመጣል። የዘይት ከሆነ ደግሞ እስከ ማግስቱ እርጥብ ነው።

የመድረቂያው ሰዓት ልዩነት ቀላል አይደለም። የውሃው በአንድ ሁለት ሰዓት ሲነካ አይጣበቅም፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ሁለተኛው ይደገማል። የዘይቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለመንካት፣ ለመድገም ደግሞ ማግስቱን መጠበቅ ነው። ደሴ ላይ እንዲያውም ሁለት ቀን ስጡት።

የቀባልን ባለሙያ ሠላሳ ዓመት ብሩሽ የያዙ አዛውንት ናቸው፣ የዘይት ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ለምንድነው ዘይቱን የሚመርጡት?" ስላቸው "ዘይት ራሱ ይተኛል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሹ መስመር ራሱ እየሞላ ይጠፋል፣ ሲደርቅ መስታወት ይመስላል። የውሃው ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ግን ጋሼ የውሃውን ሲቀቡ የያዙትን ብሩሽ አየሁት፣ የዘይቱን የእንስሳ ጸጉር ብሩሽ ነው። ያ ጸጉር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይንጨባረራል፣ መስመሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። ፒያሳ ወርጄ የናይለን ብሩሽ ገዛሁላቸው። መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር የተቀበሉኝ። አንዱን መቃን ከላይ እስከ ታች ቀብተው ወደ ኋላ ሸሸት ብለው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ብርሃኑ ሲመታው አዩትና "ኧረ ይሄስ ይተኛል" አሉ። ያን ብሩሽ ሥራው ሲያልቅ ሰጠኋቸው።

ሽታው ለእኔ ትልቁ ምክንያት ነው። እማ አስም አለባት። ደሴ ላይ ደግሞ ማታ መስኮት ከፍቶ ማደር የለም። የቲነር ሽታ ያለበት ቤት ዘግቶ መተኛት ለጤነኛም ራስ ምታት ነው፣ ለእሷ ደግሞ ሆስፒታል ነው። ከዚህ በፊት በዘይት ስናስቀባ ሦስት ሌሊት እህቴ ቤት ነው ያደረችው፣ አራተኛው ቀን ስትመለስም ሳለች። ዘንድሮ በውሃው ስንቀባ ሳሎን ተቀምጣ ቡና እያፈላች ጋሼን "እስቲ ሁለተኛውን ይጠጡ" ትል ነበር። ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃኛል።

ዘይቱን ለሚጠቀሙ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀለምና ዘይት የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨባብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል አልኩ አይደል፣ ያኔ ሙቀት ይፈጥራል፣ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱ ሊነድድ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ነክሩት።

ታዲያ የውሃው እንከን የለውም ወይ? አለው፣ ዋናው ደግሞ ይህ ነው። የነካችሁት ሲደርቅ ውስጡ ገና ነው። ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። የኩሽናውን በር ቀብተን በማግስቱ ማታ ብርድ ገባ ብለን ዘጋነው። ጠዋት እማ ልትከፍተው ስትገፋው አልከፈት አለ። ጠንከር አድርጋ ስትገፋው "ጨርርር" የሚል ድምፅ አሰማና ተከፈተ፣ ከመቃኑ ላይ ግን የጣት ርዝመት ያለው ቀለም ከበሩ ጋር ሄደ። ሁለት አዲስ የተቀቡ ፊቶች ተጭነው ሲያድሩ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የዘይቱ ከጠነከረ በኋላ እንዲህ አያደርግም። መፍትሔው ትዕግሥት ነው፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ማሳደር። የግድ መዘጋት ካለበት የሚነካካውን ጠርዝ በሻማ ማሸት ወይም የሕፃን ፓውደር ነስነስ ማድረግ ይረዳል።

ሌላው እንጨቱ ነው። የእማ ቤት የእንጨት መስኮቶች የጽድ ናቸው። ጽድ ሙጫና ዘይት አለው፣ ጉጡ ላይ በተለይ። የውሃ ቀለም በቀጥታ ጥሬው ላይ ከተቀባ ያ ቡናማ ነገር እየሰረገ ይወጣል፣ ስንት ጊዜ ብትደግሙትም ይመለሳል። ጉጡን በሼላክ፣ ሙጫውን በሚያግድ ቫርኒሽ መሰል ቅብ፣ ዘግቶ ነው መጀመር። የምስማር ራስም እንደዚሁ፣ ውሃው ያዝገዋል፣ በነጩ ላይ የዝገት ነጥብ ሆኖ ይታያል። የላሜራ በርና የብረት መስኮት ከሆነማ እኔ አልከራከርም፣ ፀረ ዝገት፣ ከላዩ የዘይት ቀለም።

እና እኛ ምን መረጥን? ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ፣ ነጭ የሆነው ሁሉ፣ በውሃ። የውጭ በሩና የብረት መስኮቶቹ በዘይት፣ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ቢበጭም አይታወቅም። የኩሽናው በር ላይ ነው ከእማ ጋር ያልተስማማነው። እሷ ዘይት አለች፣ ጥላሸቱ ሲታጠብ ቶሎ ይለቃል ብላ፣ እውነቷን ነው። እኔ ነጭ ከሆነና ፀሐይ ካላገኘ ይበጫል አልኩ። በመጨረሻ የውሃው ሆነ፣ ያው ከላይ የነገርኳችሁ በር እሱ ነው፣ የተገነጠለውን ፈትጌ ደግሜዋለሁ። በውሃ የሚቀጥን አልኪድ የሚባል የሁለቱን ባሕርይ የያዘ ቀለም አለ፣ ደሴ ሱቆች ውስጥ ጠይቄ ግን አላገኘሁም። ካገኛችሁ ለኩሽና እሱን ሞክሩ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ቅደም ተከተሉን አትርሱ። በዘይት የምትቀቡ ከሆነ ግድግዳውን አስቀድሙ። የግድግዳ ቀለም ውስጥ አሞኒያ ሊኖር ይችላል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከእርጥብ ግድግዳ የሚወጣው አሞኒያ አዲስ ነጭ የዘይት ቀለምን በጥቂት ቀናት ያበጨዋል።

ምን ያህል ቀለም ይበቃል ለምትሉ፦ 90 በ210 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ሁለት ፊቱ 3.8 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ዙር ሲቀባ 7.6። አንድ ሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል። ስለዚህ ለአንድ በር ከነመቃኑ አንድ ሊትር ብትይዙ አያሳፍራችሁም።

ይህን ስጽፍ የእማ መኝታ ቤት በር ገርበብ እንዳለ ነው። ከሥሩ የታጠፈ አሮጌ ነጠላ ሸጉጠንበታል እንዳይዘጋ። ትናንት ማታ በብርዱ "ልጄ፣ ዛሬስ አልዝጋው?" አለችኝ። ቀኑን ቆጠርኩላት። ሦስት ሳምንቱ ሐሙስ ይሞላል። ጋቢ ደረብኩላትና በሩን እንደዚያው ተውነው።